ትዝታ በትሮምቦን፦ የአውራ ጣቱ ቫልቭ ምን ይሠራል?

ጌታቸው መኩሪያ ከአምስተርዳሙ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ፣ ከሳክስፎኑ ጎን ሆላንዳዊው ዮስት ባውስ ትሮምቦን ይነፋ ነበር። ለኛ ጆሮ የናስ መሣሪያ እንግዳ አይደለም። አርመናውያኑ «አርባ ልጆች» በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት እ.ኤ.አ. በ1924 አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ፣ የማርሽ ባንዱም የክብር ዘበኛውም የፖሊስ ኦርኬስትራውም ሙዚቃ ያለ ናስ አይታሰብም። ዛሬ በአምስተርዳም ምዕራብ፣ ስሎተርፕላስ ሐይቅ አጠገብ ባለው ኦስዶርፕ የሚኖር ሐበሻ ሙዚቀኛ ያገለገለ ቴነር ትሮምቦን ልግዛ ብሎ ቢነሳ፣ ቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ባለቫልቭ ይሁን ወይስ ያለቫልቭ? ባለቫልቭ ከሆነስ የትኛው?

መልሱ ከቱቦው ርዝመት ይጀምራል። የቢ-ፍላት ቴነር ትሮምቦን ተዘርግቶ ቢለካ 2.7 ሜትር ያህል ነው። ድምፁን በግማሽ ቶን ለማውረድ ቱቦው 6 ከመቶ ገደማ መርዘም አለበት። ተንሸራታቹ ቱቦ ሁለት እጥፍ ስለሆነ፣ እጅ 8 ሴንቲ ሜትር ሲገፋ ቱቦው 16 ይረዝማል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር እርምጃውም ጥቂት እየሰፋ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ፖዚሽን፣ ክንድ እስኪዘረጋ ድረስ፣ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይኬዳል።

ክርስቲያን ፍሪድሪሽ ዛትለር የተባለ የላይፕዚግ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1839 በግራ እጅ አውራ ጣት የሚጫን ቫልቭ ጨመረበት። ሲጫን 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ ቱቦ ይከፈትና መሣሪያው ከቢ-ፍላት ወደ ኤፍ ይወርዳል። ቱቦው ስለረዘመ የየግማሽ ቶኑ እርምጃም ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ሰባቱ ፖዚሽኖች ስድስት ይሆናሉ፤ ስድስተኛውም ተንሸራታቹ ሊወልቅ ጥቂት ሲቀረው የሚገኝ ነው። ከሥር ካሉት ድምፆች ዝቅተኛው ቢ ናቹራል ብቻ ይጎድላል።

ይህ ለትዝታ ምን ይጠቅማል? ትዝታ ሜጀርን ከቢ-ፍላት እናንሳ፦ ቢ-ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ። በመካከለኛው የድምፅ ክልል ቢ-ፍላት አንደኛ ፖዚሽን ላይ ነው። ቀጥሎ ያለው ሲ ግን ስድስተኛ ላይ ስለሆነ እጅ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሄድ አለበት፤ ከዚያ ለዲ ወደ አራተኛ ይመለሳል፣ ለኤፍ እንደገና ወደ አንደኛ። ፈጠን ባለ ዘፈን ይህ እጅን ያደክማል፣ ድምፁንም ያቆራርጣል። በቫልቭ ግን ሲ እዚያው አንደኛ ፖዚሽን ላይ፣ በአውራ ጣት ብቻ ይወጣል። እጁ ሳይንቀሳቀስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች ተከታትለው ይሄዳሉ።

ቀስ ባለው ትዝታ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከዲ ወደ ሲ በተንሸራታቹ ሲወረድ ድምፁ ሳይቆረጥ ይሳባል፤ ዘፋኝ ጉሮሮውን እንደሚያስረዝመው ማለት ነው። ቫልቩ ሲጫን ያ መሳብ ይቋረጣል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ቫልቭ ለፈጣኑና ለዝቅተኛው ድምፅ ጥሩ አጋዥ ነው፤ የትሮምቦን ነፍስ ግን ተንሸራታቹ ነው። ትናንሽ ክለቦች ውስጥ ጃዝ ብቻ የሚጫወት ሰው ያለቫልቭ የሚሠራውን ቀጭኑን ኪንግ 3ቢ ቢመርጥ አልቃወመውም።

ከቫልቮቹ ጥንታዊው ሮታሪ ነው። በመያዣው ውስጥ የሚዞር ሲሊንደር ሩብ ዙር ሲዞር የአየሩን መንገድ ይቀይራል። በአብዛኛው አስተማማኝና ለጥገና ቀላል ቢሆንም፣ በውስጡ የሚያልፈው መንገድ በጣም ይጠመዘዛል። ኤድ ታየር የተባለ አሜሪካዊ ይህን ሊያቃልል ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሾጣጣ ሮተር ሠራ፤ አየሩ ቀጥ ብሎ ሊያልፍ ጥቂት ይቀረዋል። ነፋሹ ነጻነት ይሰማዋል፤ ነገር ግን ከብዶ፣ ዘይት ፈልጎና በቀላሉ አየር አፍስሶ ያስቸግራል። የጄኔቫው ሬኔ ሃግማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያወጣው ቫልቭ መካከለኛውን መንገድ ይዟል፤ መታጠፊያው ለስላሳ ነው፣ ክብደቱም ከታየር ያንሳል።

መታጠፊያው ብዙ የተወራለትን ያህል ድምፁን እንደማይለውጥ ግን ፊዚክስ ይነግረናል። የመካከለኛው ቢ-ፍላት የሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ሲሆን የቱቦው ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ ቱቦው ቢታጠፍ እምብዛም አይሸበርም። የሚያሸብረው ድንገተኛ ክፍተት ወይም ደረጃ ነው፤ የሮተሩ ቀዳዳና የቱቦው አፍ ካልተገጣጠሙ የሚፈጠረው። ለዚህ ነው ጥሩ የተስተካከለ ሮታሪ ችላ ከተባለ ታየር ይሻላል የምለው።

ይህን ለማየት የቫልቩን የኋላ ክዳን መፍታት ይበቃል። ከውስጥ በሮተሩ ዘንግና በዙሪያው ባለው ሳህን ላይ የተቀረጹ ትናንሽ ምልክቶች ይታያሉ። ቫልቩ ሲለቀቅም ሲጫንም ምልክቶቹ በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። ካልቆሙ፣ ሮተሩን የሚያቆመው ላስቲክ ወይም ቡሽ አልቋል ማለት ነው፤ ለውጡ ርካሽ ነው። ሁለተኛው ፈተና ከዚህም ይቀላል። ቫልቩ ሳይጫን የራሱን መቃኛ ቱቦ ስቦ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያ መጫን። ፖፕ የሚል ድምፅ ከተሰማ አየር አያፈስም።

ተጨማሪው ቱቦ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለው። የባክ 42ቢ ተሰብስቦ ይጠማዘዛል፤ 42ቢኦ ግን ክፍት ሆኖ ከነፋሹ ጭንቅላት ጀርባ ይወጣል። ክፍቱ ለመንፋት የተመቸ ቢሆንም በትራም ውስጥ በቀላሉ ይጋጫል። የአውራ ጣቱ መጫኛ ከሮተሩ የሚያያዘውም በክር ወይም በብረት መገጣጠሚያ ነው፤ ክር ጸጥ ያለ ነው፣ ይበጠሳል፤ ብረት ይጸናል፣ ሲያረጅ ግን ይንኳኳል።

ኦስዶርፕ ውስጥ አፓርታማው ስለበዛ ብዙው ልምምድ በድምፅ ማፈኛ ነው። ማፈኛው ራሱ አየሩን ስለሚያግድ በቫልቮች መካከል ያለውን ልዩነት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማፈኛ አውልቆ፣ በመለማመጃ ክፍል ውስጥ፣ ያንኑ ትዝታ አንድ ጊዜ በቫልቭ፣ አንድ ጊዜ በተንሸራታች ብቻ መንፋት ያስፈልጋል።