ያውቁ ኖሯል? ኢሜይል ሰርቨሩን የሚመርጠው በቁጥር ነው
ንፋስ መውጫ ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የራሱ የኢሜይል ሰርቨር አለው እንበል። መብራት ቢጠፋበት የሚላክለት ደብዳቤ የት ይደርሳል? መልሱ በዲኤንኤስ (የኢንተርኔት የስም ማውጫ) መዝገብ ውስጥ ነው። እዚያ ከየሰርቨሩ ስም ጎን ቁጥር ይጻፋል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለትንሹ ነው። የንፋስ መውጫው 10፣ ባሕር ዳር የተቀመጠው ተጠባባቂ 20 ቢባሉ፣ ላኪው መጀመሪያ 10ን ያንኳኳል፤ ካልመለሰለት ወደ 20 ይሄዳል። ቁጥራቸው እኩል የሆኑ ሰርቨሮች ደግሞ ጭነቱን በዕጣ ይካፈላሉ። ሁሉም ዝም ቢሉ እንኳ ደብዳቤው ወዲያው አይጣልም፤ የኢሜይል ደንቡ ላኪው ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን ደጋግሞ እንዲሞክር ይመክራል። መብራትና መስመር ለሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ዋስትና ነው! ሰርቨሩን በቁጥር የመምረጡ አሠራር የተደነገገው በ1978 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. ነው።