ከባሕር የወጣ ቃል

ጎጃም ገጠር ውስጥ አንዲት እናት «ጤፉን ባቡር አድርሼ ልምጣ» ብትል ጤፉ መንገድ ሊሄድ አይደለም፤ ልታስፈጨው ነው። ባቡር የምትለው ሞተር የሚያዞረውን ወፍጮ ነው። ሶማሌ «ባቡር» ሲል መኪና ማለቱ ነው። በሻም አገር የላምባ ምድጃው ባቡር ይባላል፤ ኢስታንቡል ላይ ደግሞ «ቫፑር» ሰው የሚያሻግር መርከብ ነው።

ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የላቲኑ «ቫፖር» እንፋሎት ማለት ነው፤ ጣልያን «ቫፖሬ» ይለዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ሲበዙ ስሙም ከመርከቦቹ ጋር ከወደብ ወደብ ዞረ። ዐረብኛ «ቨ»ም «ፐ»ም ስለሌለው «ዋቡር»፣ ሲልም «ባቡር» አለው። ወደ አማርኛ የዘለቀው በዚሁ በዐረብኛው መንገድ ነው። «ምድር ባቡር» የሚለው ስያሜም በእኔ ግምት ትርጉም የሚሰጠው ከዚህ ሲነሣ ነው፤ ቃሉ ቀድሞ የመርከብ ስለነበር በየብስ የሚሄደውን መለየት ያስፈልግ ነበር።

አዲስ አበባ ደግሞ ሐዲድ ሳይደርስላት ባቡር አይታለች። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለአፄ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ሕዝቡ ዘንድ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። ፉርጎ አይስብ፣ መንገደኛ አይጭን፤ ያጨሳል፣ ይጮኻል፣ በራሱ ይሄዳል። ለስሙ ይኸው በቂ ነበር። የወፍጮውም ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ዋናው ባቡር ብዙ አስጠብቋል። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፤ እዚያ ላይ መሥመሩን የሚዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ገንዘብ አለቀበት። ፈረንሳይና እንግሊዝ በመሥመሩ ሲሻኮቱ ዓመታት ባከኑ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

መሥመሩን ፈረንሳዮች ስለዘረጉት የሙያው ቃል ሁሉ ፈረንሳይኛ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። አልሆነም። «ሐዲድ» የዐረቦች ነው፤ በእነሱ ዘንድ ብረት ማለት ሲሆን የባቡር መንገዱን «የብረት መንገድ» ከሚሉበት አጠራር እኛ ብረቱን ብቻ ወሰድን። «ፉርጎ» ከፈረንሳዩ «ፉርጎን» ወይም ከጣልያኑ «ፉርጎኔ» ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ለአፋችን ቅርብ ናቸው። «ሊቶሪና» ግን ጥርጥር የለውም፣ የፋሺስት ጣልያን ስም ነው፤ ያቺ ሞተሯን በሆዷ የያዘች ፈጣን ባቡር ከአሥመራ እስከ ምጽዋም ተመላልሳለች።

ፈረንሳይኛው ሳይሸራረፍ የቀረው በሰፈር ስም ላይ ነው። «ላ ጋር» ባቡር ጣቢያው ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ከነመስተአምሩ ተጣብቆ «ለገሃር» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ እንፋሎት የሚባል ነገር አይነካካውም፤ ሆኖም ባቡር ከመባል አላመለጠም። ከማቆሚያዎቹ አንዱም ለገሃር ነው። ተሳፋሪው «ለገሃር ጣቢያ» ሲል በሁለት ቋንቋ «ጣቢያው ጣቢያ» እያለ ነው፤ ማንም ግን ግር ብሎት አያውቅም።