ኪኒናውና መርፌው

ግሽ አባይ ሰፈር ቁርኣን ከምናስቀራቸው ልጆች አንዱ ከትምህርቱ መሀል እየተነሣ «ኡስታዝ፣ ውሃ ልጠጣ፤ ውጭ ልውጣ» ማለት አበዛ። ሰነፈ ብለን ገሠጽነው። ሲከሳም የምግብ ነገር መሰለን። አንድ ቀን ትንፋሹ እያጠረ፣ አፉ የበሰበሰ ፍሬ እየሸተተ ሆስፒታል ገባ። በሽታው ስኳር ነበር፤ ልጁ ገና 12 ዓመቱ።

ተሽሎት ከወጣ በኋላ ጎረቤታቸው ሐጂ እናቱን አገኟት። «ይኸው እኔ 10 ዓመቴ፤ ኪኒናዬን ውጬ እኖራለሁ። ሕፃኑን በመርፌ ምን አሠቃየው?» አሏት፤ በቅንነት ነው። መርፌውን ለ2 ቀን ብታቆምበት ልጁ ተመልሶ ተኛ።

ውድ አንባብያን፣ የሁለቱ በሽታ ስሙ እንጂ ሥሩ አንድ አይደለም። የልጁ አንደኛው ዓይነት ይባላል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋል። ያለ ኢንሱሊን ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት አይገባም፤ ሰውነትም ስቡን ያነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። ኪኒና ይህን አይተካም። በ1922 (እ.ኤ.አ.) ቶሮንቶ ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። የሐጂው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ኢንሱሊን አለ፣ ሰውነት ግን በደንብ አይታዘዘውም። ከዓመታት በኋላ እሳቸውም መርፌ ቢታዘዝላቸው ቆሽታቸው ደከመ ማለት እንጂ አለቀላቸው ማለት አይደለም።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። በጎንደር ገጠር ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ያዩት ግን ከሲታ፣ ድኻ ወጣት ገበሬዎችን ነው። ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን ስኳር ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 (እ.ኤ.አ.) «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል።

እናቲቱ ፍሪጅ የላትም። በባሕር ዳር ሙቀት ብልቃጡን በፌስታል ቋጥራ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት ሸክላ ጥላ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የተከፈተ ብልቃጥ ከ4 ሳምንት ገደማ በላይ አይያዝም።

ረመዳን ሲገባ ልጁ «መርፌው ጾሜን ያፈርሳል» ብሎ ደበቀው። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። መጾሙን ራሱን ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ አላህ ለበሽተኛ ፈቅዷልና። የሚጾም ሰውም ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወዲያው ያፍጥር።

ልጁ ዘንድሮ አልጾመም። ኪሱ ውስጥ ስኳር ቋጥሮ ይመጣል፤ ውሃ ሲጠይቀንም ለምን አንለውም።