የጎባ የጭቃ ቤቶችና የሲሚንቶ ልስን

ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ርዕሰ ከተማ ሳለች የተሠሩት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች፣ የባሌ ዞን አስተዳደር መቀመጫ ሮቤ ከሆነ በኋላም የከተማዪቱን ታሪክ የሚመሰክሩ ናቸው። እንዲህ ያለውን ቤት ከዕድሜው ይልቅ የተሳሳተ እድሳት ይጎዳዋል፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተመረገ ግድግዳ በደጋው ዝናብ የሳበውን እርጥበት መልሶ እያተነነ ሲደርቅ፣ በሲሚንቶ ከተለሰነ ግን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቋሚውንና ማገሩን፣ ማለትም ጭቃውን የሚሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች፣ ከውስጥ ያበሰብሳል። በአንጻሩ፣ በዚያው በባሌ ምድር የድሬ ሼክ ሁሴን መካነ መቃብር እርጥበት የሚያሳልፍ ኖራ እየተቀባ ዘመናትን ተሻግሯል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ እድሳት አስቀድሞ እንዲፈቀድ ያዛል፤ ስለሆነም እድሳቱን ለመፍቀድም ሆነ መንገድ ሲከፈት ቤቶቹ ሳይመዘገቡ እንዳይፈርሱ፣ የከተማዪቱ የመንገድ ፕላን ከመጽደቁ በፊት የየቤቱን ልኬት፣ ዘመንና የአሠራር ስልት በሰነድ ማስፈር የማዘጋጃ ቤቱ ቀዳሚ ሥራ ሊሆን ይገባል።