ታጥቦም የማይለቅ ጠረን

የዛሬው ርዕሳችን ለመጽሔት የሚበቃ አይመስል ይሆናል። ስለ ላብ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ታጥቦ፣ ተሰጥቶና ታጥፎ ቁም ሣጥን ከገባ በኋላም ሲለበስ ተመልሶ ስለሚሸት የሩጫ ልብስ ነው። “ይህ ደግሞ ምን ያጽፋል?” ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት በእኛ ቤት ያደረገውን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱን ሐኪም ነገረውና መሮጥ ጀመረ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነሣል፤ ከሁለት የሰፈር ወዳጆቹ ጋር ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ይወጣሉ፤ ልጆች ለትምህርት ቤት ሳይነሡ ይመለሳል። ግፊቱ ወረደ፣ እንቅልፉም ተስተካከለ። እኔም ደስ አለኝ። ከመኝታ ቤታችን በር ጀርባ በፌስታል ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ካናቴራና ቁምጣ ግን ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ሄደ።

መጀመሪያ የወቀስኩት እሱን አልነበረም። በቤት ሥራ የምታግዘንን ልጅ ነበር። “በደንብ አላሸሽውም” አልኳት፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ልጅቷ እጇ እስኪላጥ በደረቅ ሳሙና ታሸዋለች፤ ልብሱ ሲሰጣ ይሸታል ማለት ያስቸግራል፤ ባለቤቴ ለብሶት አሥር ደቂቃ ሲሮጥ ግን ያው ጠረን ይመለሳል። ወራት በዝምታ ካሳለፍኩ በኋላ አንድ ማታ የቤት ለቤት ኅብረታችን በእኛ ቤት ሲደረግ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ “እባክህ ያን ልብስህን አውጣልን፤ እንግዶቹን ልታባርር ነው!” አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። በማግሥቱ ግን አልሮጠም። በሳምንቱም አልሮጠም። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ “ቤቱን ለማሽተት ነው የምሮጠው?” አለኝ።

እንግዲህ ግፊት ያለበትን ሰው ከሩጫው ያስቀረሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ነገሩን ማጣራት የጀመርኩትም ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ያስገረመኝ ነገር ላብ ራሱ አለመሽተቱ ነው። ከመላ ሰውነታችን የሚወጣው ላብ በአብዛኛው ውሃና ጥቂት ጨው ነው። በብብትና በብሽሽት አካባቢ ያሉ ከጉርምስና ጀምሮ የሚሠሩ ሌሎች ዕጢዎች ደግሞ ወፍራምና ቅባት ያለው ፈሳሽ ያወጣሉ። እሱም ቢሆን ሲወጣ አይሸትም። ቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲበሉትና ሲሰባብሩት ነው መጥፎው ጠረን የሚፈጠረው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጨርቁ ነው። የዛሬው የሩጫ ልብስ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ አንዳንዱ ላይ የሚለጠጥ ክር ይጨመርበታል። ፖሊስተር ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ሯጮች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ውሃን ስለማይወድ ግን ቅባትን ይወዳል። የሰውነታችን ቅባት ክሩ ላይ ይጣበቃል፤ ውሃና ጥቂት ሳሙና በቀላሉ አያስለቅቁትም። ጥጥ በተቃራኒው ላቡንም ሽታውንም ወደ ውስጡ ስለሚመጥጥ ወደ አፍንጫችን የሚደርሰው ያንሳል፤ ችግሩ እርጥብ ሆኖ ሰውነት ላይ መለጠፉ ነው፤ በማለዳው ብርድ ደግሞ ይህ አያስደስትም። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ጤነኛ ሰዎችን ካናቴራ አልብሰው ኃይለኛ የብስክሌት ስፖርት አሠሯቸው። ካናቴራዎቹ 28 ሰዓት ከቆዩ በኋላ ሲሸተቱ ፖሊስተሩ ከጥጡ ይልቅ ደስ የማይል ሆኖ ተገኘ። ማይክሮኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎችም ሰው ሠራሽ ጨርቁ ላይ ተመችቷቸው ተራብተው ነበር።

የታጠበው ልብስ ለምን ተመልሶ እንደሚሸት አሁን ገባችሁ? ሲደርቅ ባክቴሪያው ያንቀላፋል እንጂ አይሄድም፤ ቅባቱም እዚያው አለ። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ሥራውን ይቀጥላል። ልጅቷ ያላሸችው ሳይሆን ማሸት ብቻውን የማያወጣው ነገር ነበር። (ይህን ካወቅሁ በኋላ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም “እኔማ ሳሙናው ነው ብዬ ነበር” አለችኝ፤ ከእኔ ይልቅ ለእውነቱ ቀርባ ነበር።)

ሦስተኛው ግኝት እኔኑ የሚመለከት ነው። ሽታው ሲብስብኝ መዓዛው ደስ የሚል የልብስ ማለስለሻ ገዝቼ በብዛት እጨምር ነበር። ማለስለሻ ግን ጨርቁ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን ትቶ ነው የሚያለሰልሰው። ይህ ሽፋን አሮጌውን ቅባት ከሥር ይከድነዋል፤ ውሃና ሳሙናም እንዳይደርስበት ያደርጋል፤ ጨርቁም ላብ የማሳለፍ ችሎታው ይቀንሳል። ዱቄት ሳሙና ማብዛትም እንደዚሁ ነው፤ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙና ራሱ ቆሻሻ ይይዛል። ደረቅ ሳሙና ደግሞ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ባለበት ሰፈር የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ልብሱ ላይ ይተዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ ቤት የሠራውን ልንገራችሁ። ከሩጫ የተመለሰ ልብስ ፌስታል ውስጥ ወይም ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ይህ ከሁሉ ይበልጣል ብል አልተሳሳትኩም። ወዲያው ማጠብ ካልተቻለ በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ገመድ ላይ ይውላል። ባለቤቴ ራሱ ገላውን ሲታጠብ ይለቀልቀዋል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የቆየና የጠነከረ ሽታ ላለው ልብስ ደግሞ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ልብሱ ይገለበጣል፤ ቅባቱ ያለው በውስጥ በኩል ነውና። ሳፋ ውስጥ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ነጩን አቼቶ ተጠቀሙ፤ ቀለም ያለው ጨርቁን ሊነካው ይችላል። ከዚያ ይለቀለቅና ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና ይታጠባል። ማሸጊያው ላይ ኢንዛይም እንዳለው የተጻፈ ዱቄት ሳሙና ብታገኙ የተሻለ ነው፤ ኢንዛይሙ ቅባትና ፕሮቲን ይሰባብራል፤ ለሥራው ግን ጊዜ ይፈልጋልና እንደዘፈዘፋችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁት። አቼቶ የሌለው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ውሃ ላይ በትኖ መዘፍዘፍ ይችላል። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አትደባልቁ፤ ሲፈላ ደስ ይላል እንጂ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል።

አንድ ነገር በብርቱ ላስጠንቅቅ። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አታገናኙ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው፤ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። ልብስ የሚያጥብላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ ይህን በግልጽ ንገሩት። በረኪና ብቻውንም ለሩጫ ልብስ አይሆንም፤ የሚለጠጠውን ክር ይበላዋል። የፈላ ውሃም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ከአንገቱ ሥር የተሰፋውን ምልክት እዩ።

ፀሐይ ታላቅ ወዳጅ ናት፤ ግን ብቻዋን አትበቃም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የወጣ የጃፓን ጥናት፣ የታጠበ ልብስ ላይ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ የሚያመጣው ሞራክሴላ የተባለ ባክቴሪያ ድርቀትንም የፀሐይ ጨረርንም የሚቋቋም መሆኑን አሳይቷል። የክረምት ነገር ደግሞ ይታወቃል። በሐምሌ ልብስ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሳይደርቅ ይሸታል። እኛ በፎጣ ጠቅልለን ጠበቅ አድርገን እንጨምቀዋለን፤ ውሃው ወደ ፎጣው ይገባል፤ ከዚያ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ አራርቀን እንሰቅለዋለን። ፖሊስተር ስለሆነ እስከ ማታ ይደርቃል።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ባለትዳሮች ልመለስ። ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ “እኔ ምንም አይሸተኝም” ሲሉ አትጠራጠሯቸው። አፍንጫ ደጋግሞ ያገኘውን ጠረን ይለምድና መስማቱን ይተዋል። እኔ “ግድ የለሽ ነው” ያልኩት ሰው በእውነት አይሸተውም ነበር። ስለዚህ መናገር ያስፈልጋል፤ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ከሩጫ እንደተመለሰ ሳይሆን ረጋ ባለ ሰዓት፣ “ትሸታለህ” ሳይሆን “ይህ ካናቴራ መዘፍዘፍ አለበት፣ ዛሬ አብረን እንሞክረው” ብላችሁ። እኛ የመጀመሪያውን ሳፋ የዘፈዘፍነው ሁለታችን ጓሮ ተቀምጠን ነው። ስለዚያ ማታም ያን ጊዜ ነው የተነጋገርነው፤ በሰው ፊት ስላደረግኩት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም ዝም ብሎ ቆይቶ፣ “እኔም ነግሬሽ ቢሆን ጥሩ ነበር” አለ።

የሰውነት ጠረን በድንገት ከተለወጠ፣ ወይም ሳይሮጡና ሳይሞቃቸው ልብስ እስኪርስ የሚያልባቸው ከሆነ ግን ጉዳዩ የእጥበት አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

ባለቤቴ ተመልሶ መሮጥ ጀምሯል። ከአምስት ካናቴራዎቹ ሦስቱ በሁለተኛው መዘፍዘፍ ዳኑ። አንዱ አራት ጊዜ ፈጀ። አምስተኛውን፣ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ሰማያዊውን፣ ማዳን አልቻልንም፤ አሁን መኪና ይወለወልበታል።