የመዝገቡ ግልባጭ በችሎት ፊት

ከመሬት አስተዳደር መዝገብ ቤት የወጣ የካርታ ግልባጭ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ወረቀት ነው። ክብ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ከማኅተሙ አጠገብ የኃላፊው ቲተርና ፊርማ አለ፤ ከላይ የማኅደሩ ቁጥር ሰፍሯል። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን የምስክሮች ቃል ያልቋጨውን ክርክር ይቋጫል። ከፎቶ ኮፒ ቤት የወጣው አቻው ደግሞ፣ ባላጋራ ‹‹ዋናው ይቅረብልኝ›› ያለ ዕለት ጉልበቱ ያልቃል።

ልዩነቱ የመጣው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ በቁጥር 2011 ሥልጣን ያለው ሹም ትክክለኛነቱን ያረጋገጠው ግልባጭ እንዲታመን አድርጓል። ደግ አድርጓል፤ ዋናው መዝገብ በየችሎቱ ቢዞር ገጹ ይገነጠላል፣ አንድ ቀንም ሳይመለስ ይቀራል።

በልደት፣ በጋብቻና በሞት ጉዳይ ግን ችግሩ ግልባጭ የሚወሰድበት መዝገብ ራሱ አለመኖሩ ነበር። ያው ሕግ እነዚህ በክብር መዝገብ እንዲጻፉ ካዘዘ በኋላ፣ በቁጥር 3361 ትእዛዙን ላልተወሰነ ጊዜ አገደው። እገዳው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። እስከዚያው ባሏ የሞተባት ሴት ሚስትነቷን የምታስረዳው በቀበሌ ደብዳቤ፣ በጎረቤትና በዕድር ሰው ቃል ነበር። ዛሬም በውርስ ክርክር በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቁት አዛውንት ምስክሮች ያን ያልተጻፈ መዝገብ ተክተው የመጡ ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ማስረጃውም አብሮ ያልፋል።

መዝገብ ባለበትም ቢሆን ማኅተሙ የሚያረጋግጠው ግልባጩ ከመዝገቡ ጋር አንድ መሆኑን ብቻ ነው፤ መዝገቡ ራሱ እውነት ለመሆኑ ዋስ አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ግምቱ ግን ይፈርሳል፦ ማስረጃው ከሕግ ውጪ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል መሰጠቱን ያስረዳ ሰው በቁጥር 1196 ሊረታ ይችላል። ስለዚህ ‹‹ካርታው ፎርጅድ ነው›› ብሎ መጮህ ብቻውን አያዋጣም፤ ካርታው እንዴት እንደተሰጠ ማኅደሩን አስቀርቦ ማሳየት ያስፈልጋል።

ማኅደሩን ማን ያስቀርባል? የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 145 ፍርድ ቤቱ መዝገብ እንዲያስመጣ ሥልጣን ሰጥቶታል። አመልካቹ የተረጋገጠ ግልባጭ ያለ ብዙ መጓተትና ወጪ ማግኘት እንዳልቻለ፣ ወይም ዋናው የግድ እንደሚያስፈልግ በቃለ መሐላ ማስረዳት አለበት። ጠበቃ መቅጠር የማይችል ባለጉዳይ ይህን መብት ከየት ሊያውቀው ይችላል? ዳኞች ሳይጠየቁም በራሳቸው አነሳሽነት ቢጠቀሙበት ሕጉ ይፈቅድላቸዋል፤ ሊጠቀሙበትም ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ‹‹ማኅደሩ አልተገኘም›› የሚለው መልስ ነው። የጠፋው የውል ሰነድ ከሆነ፣ ውሉ ውልና ማስረጃ ተመዝግቦ እንደሆነ ቀሪው እዚያ ይፈለጋል። እዚያም ከሌለ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2003 በር ይከፍታል፦ በጽሑፍ መሆን የሚገባው ውል ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መውደሙ ከተረጋገጠ በምስክር ሊረዳ ይችላል። ታዲያ መጥፋቱን በደንብ የሚያስረዳው የመዝገብ ቤቱ የራሱ ደብዳቤ ነው። በመስኮት የተነገረ ‹‹የለም›› ለችሎት አይቀርብም። ባለጉዳዩ መልሱን በጽሑፍ፣ ቀንና ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመትቶበት ይጠይቅ፤ መሥሪያ ቤቱም የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይወቅ።