ትልቅ ሞተር ወይስ ትንሽ? ምቾት፣ ክብደትና ወጪ በአንድ ሚዛን

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ስለ ሞተር ሳይክል፣ በእኛ አጠራር ስለ ዶቅዶቄ ነው። «ደግሞ መምህርና ዶቅዶቄን ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ መልሳችን አጭር ነው። ሥልጠናችንን ጨርሰን ምደባ ሲወጣ አብዛኞቻችን የምንሄደው ከአስፋልት ርቀው ወደሚገኙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። ሱፐርቫይዘሩ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ የግብርናው ባለሙያም ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚዞሩት ብዙውን ጊዜ በሞተር ነው። እኛም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከደመወዛችን ቆጥበን ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድረን ሞተር ለመግዛት መነሣታችን አይቀርም። ይህ የአንድ መምህር የዓመታት ቁጠባ የሚለማበት ወይም የሚባክንበት ውሳኔ በመሆኑ አስቀድሞ ማሰቡ አይከፋም።

በመኝታ ክፍላችን ይህ ነገር ሲነሣ ክርክሩ ሁለት ወገን ይይዛል። አንደኛው ወገን በፎቶግራፍና በፊልም ያየውን ትልቁን የረዥም ጉዞ ሞተር እያነሣ «እሱ እኮ ሶፋ ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ ወገብ አይነካም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጭቃ ላይ ሲወድቅ ማን ያነሣልሃል?» ሲል ይመልሳል። እንደምናየው ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን «የትኛው ይበልጣል?» ብለን ሳይሆን «ምቾት ከየት ይመጣል? ዋጋውስ ምን ያህል ነው? የሚከፍለውስ ማነው?» ብለን ነው።

ትልቅ ሞተር ስንል ምን ያህል ነው?

ለረዥም ጉዞ ከተሠሩት ሞተር ሳይክሎች መካከል በዓለም ታዋቂ የሆነው የጃፓኑ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ሲቀርብ አራት ሲሊንደር ያለው፣ ጉልበቱ 1,000 ሲሲ የሚጠጋና ያለ ነዳጅ 265 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የንፋስ መከላከያ፣ የዕቃ ሣጥን፣ የተደገፈ መቀመጫና ሙዚቃ ሲጨመርለት ሄዶ ዛሬ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 1,833 ሲሲ ሆኗል። ሙሉ ዕቃ የተሟላለት ዓይነት ከ380 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል። ከክብደቱ የተነሣ ሰው በእግሩ እየገፋ ወደ ኋላ ሊመልሰው ስለሚቸገር ወደ ኋላ የሚሄድበት መንገድ ተበጅቶለታል።

በእኛ ሚዛን እንተርጉመው ብንል ወደ አራት ኩንታል በቆሎ የሚጠጋ ጭነት በሁለት ጎማ ላይ ቆሞ ማለት ነው። በቡርቃ ጃቶ በኩል ዘወትር ሲመላለሱ የምናያቸው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት ሞተሮች ግን ከ105 እስከ 130 ኪሎ ገደማ ቢመዝኑ ነው። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው።

ክብደት ለምን ይመቻል?

ይህንን ለማስረዳት ከወለጋ መንገድ የተሻለ ቤተ ሙከራ የለም። ባዶውን በሚመለስ አይሱዙ ላይ የተሳፈረ ሰው ሆዱ እስኪታወክ ድረስ እንደሚንገጫገጭ ያውቃል። ያው አይሱዙ ቡና ወይም በቆሎ ሲጭን ግን ለስለስ ብሎ ይሄዳል። መንገዱም መኪናውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው በሞላው ላይ ያረፈው ክብደት ነው። ጎማው ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሞላው ደግሞ ግፊቱን ወደ አካሉ ያስተላልፋል። በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል እንደተማርነው በአንድ ዓይነት ኃይል የተገፋ ከባድ ነገር ከቀላሉ ያነሰ ይንቀሳቀሳል። ስለሆነም ከባዱ አካል ባለበት ይረጋል፤ ቀላሉ ይዘላል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ትልቁ ሞተር በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን በትንሹ ግን 1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር መውጣትና መውረዱ ይቀንሳል። ስድስት ሲሊንደር ግራና ቀኝ ተኝተው ሲሠሩ የአንዱ መወዝወዝ በሌላው ይካካሳል፤ ባለ አንድ ሲሊንደሯ ሞተር ግን እጅና እግር ታደነዝዛለች። የፊት መከላከያውም ንፋሱን ይመልሳል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መዘንጋት የለበትም። ምቾት ቅንጦት ብቻ አይደለም። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎሜትር ገደማ የሚነዳ ሰው ወገቡ ሲዝልና እጁ ሲደነዝዝ ፍሬን የሚይዝበት ቅጽበት ይዘገያል። ድካም አደጋ ያመጣል። ስለዚህ «ምቾት ለሀብታም ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ስሕተት ነው።

ክብደቱ የሚከዳው የት ነው?

ከላይ የዘረዘርነው ጥቅም ሁሉ የሚገኘው ሞተሩ በደህና መንገድ ላይ ፍጥነት ይዞ ሲሄድ ነው። የንፋስን ነገር ብንወስድ፣ የንፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል። በሰዓት 40 ኪሎሜትር ሲኬድ የሚሰማው ግፊት በ80 ከሚሰማው ሩቡ ብቻ ነው። በጠጠር መንገድ በ30ና በ40 ለሚሄድ ሰው ትልቁ የንፋስ መከላከያ ከጌጥ የማያልፍ ጭነት ነው ማለት ነው።

ወደ ጭቃው እንምጣ። የወለጋ ክረምት ረዥም ነው፤ ቀዩ አፈር ሲርስ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተር መውደቁ ብርቅ አይደለም። የወደቀውን ለማንሣት በሻካራ ስሌት የክብደቱን ግማሽ ያህል መሸከም ያስፈልጋል እንበል፤ ሌላውን ግማሽ መሬቱ ይይዘዋልና። የ120 ኪሎው ሞተር 60 ኪሎ ይጠይቃል፤ አንድ ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ ያነሣዋል። የ380 ኪሎው ግን 190 ኪሎ ይሆናል። ያኔ መንገደኛ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ቁልቁለቱም እንዲሁ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስንሄድ መንገዱ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ይወጣል። 65 ኪሎ የሚመዝን ነጂ በትንሹ ሞተር ላይ ሲቀመጥ በጠቅላላው 185 ኪሎ፣ በትልቁ ላይ ሲቀመጥ 445 ኪሎ ይሆናል። በመቶ ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ የመጀመሪያው በ18.5 ኪሎ፣ ሁለተኛው በ44.5 ኪሎ ክብደት ልክ ወደ ታች ይጎትታል። ይህን ሁሉ የሚይዘው ፍሬንና ማርሽ ነው።

ለትልቁ ወገን ፍርድ እንዳናጓድል ዳገቱንም እናንሣ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። አሥር የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር እዚህ ስምንት ገደማ ትሆናለች። በዚያ ላይ ሁለት ሰውና ሻንጣ ከተጫነባት ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ታቃስታለች። ትልቁ ሞተር ያንኑ ያህል በመቶኛ ቢያጣም የሚተርፈው ብዙ ነው። ስለዚህ «ትንሽ በሆነ ቁጥር ይሻላል» የሚለውም ልክ አይደለም።

የተጓዦች ምስክርነት

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነሥቶ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተር ዓለምን ዞሯል። ጉዞው አራት ዓመት ሲፈጅ በሱዳን በኩል ወደ አገራችን ገብቶ ወደ ኬንያ አልፏል። ለዚህ ሁሉ 500 ሲሲ በቅቶታል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የፊልም ተዋናዮቹ ዩዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን ከአንድ ካሜራ አንሺ ጋር በትልልቅ ቢኤምደብሊው ሞተሮች ከለንደን በሩሲያና በሞንጎሊያ አድርገው እስከ ኒውዮርክ ተጉዘዋል። በሞንጎሊያ መንገድ የካሜራ አንሺው ቢኤምደብሊው ሲሰበር በምትኩ የተገዛለት ኢዝ የምትባል ቀለል ያለች የሩሲያ ሞተር ነበረች። ሁለቱ ተዋናዮች እ.ኤ.አ. በ2007 እንደገና በትልልቅ ቢኤምደብሊው ተነሥተው በኢትዮጵያ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ወርደዋል። ትልቅ ሞተር በእኛ አገር መንገድ ማለፍ እንደሚችል በዚህ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ጉዞ ዕቃና መሣሪያ የያዙ አጃቢ መኪናዎች እንደነበሯቸው አንርሳ። የክብደታቸውን ዕዳ የሚጋራላቸው ነበረ። ገጠር የተመደበ መምህር አጃቢ የለውም።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸውም ነገሩ የገባቸው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የቢኤምደብሊው የአገር አቋራጭ ሞተር፣ አር 80 ጂ/ኤስ የሚባለው፣ ነዳጅ ሞልቶ 186 ኪሎ ገደማ ነበር። ዘሩ እያደገ መጥቶ 1250 ጂኤስ ላይ ሲደርስ 249 ኪሎ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 1300 ጂኤስ ግን ወደ 237 ኪሎ ዝቅ ብሏል። ጎልድ ዊንግም እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ አዲስ ሲሠራ ከ30 ኪሎ በላይ ተቀንሶለታል። ኪሎ ሳይጨመር ምቾት ሊገኝ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ወጪው መግዣው ብቻ አይደለም

አዲስ ጎልድ ዊንግ ሙሉ ዕቃው ሲሟላለት በአሜሪካ ከ25,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር ማለት ነው። ይህ ከመምህር ኪስ ውጭ እንደሆነ ግልጽ ስለሆነ አንሟገትበትም። ሥሌቱ ግን ለማንኛውም ሞተር ይሠራልና እንየው።

ቤንዚን፦ ትልቁ በ100 ኪሎሜትር 5 ሊትር ተኩል ገደማ፣ ትንሹ 2 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ነቀምቴ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ፣ ማለትም ለ660 ኪሎሜትር፣ የመጀመሪያው 36 ሊትር፣ ሁለተኛው 13 ሊትር ይፈልጋል።

ዘይት፦ ትንሹ በአንድ ቅያሪ 1 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ትልቁ ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

ጎማና መለዋወጫ፦ የትንሹ ጎማ፣ ከመነዳሪና ካቴና እንደ ነቀምቴ ባለ ከተማ ተፈልጎ አይታጣም። ጎሚስታውም መካኒኩም ለምዶታል። ብዙም ያልተለመደ ሞተር የገዛ ሰው ግን ለአንዲት ጎማ ሲል አዲስ አበባ ይልካል። ሞተሩ ቆሞ ባለቤቱ በእግሩ የሚሄድባቸው ሳምንታትም ከወጪ ይቆጠራሉ። በእነዚያ ሳምንታት አርፍዶ የተገባበት ክፍለ ጊዜ በተማሪዎቹ ላይ የተጻፈ ዕዳ ነው።

ኪሎ ሳንጨምር ምቾት ማግኘት

ቀላል ሞተር ላይ የሚቀመጥ ሰው መሠቃየት አለበት እንዴ? የለበትም። ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ዘዴዎች አሉ፦

1ኛ/ የጎማ ንፋስ በልክ ይሁን። እንደ ድንጋይ የተነፋ ጎማ ጠጠሯን ሁሉ ወደ ወገብ ያስተላልፋል፤ በጣም የጎደለውም ቸርኬውን ያስመታል።

2ኛ/ በብዙ ሞተሮች የኋላው ሞላ ማጥበቂያና ማላያ አለው። ብቻን ሲኬድ ላላ፣ ሰው ወይም ዕቃ ሲጫን ጠበቅ ማድረግ ነው።

3ኛ/ የሟሸሸ መቀመጫ ስፖንጁን በጠንካራ አስቀይሮ ማሰፋት፤ በላዩም አጎዛ ማንጠፍ። አጎዛ ላብ ይመጥጣል፣ ንዝረትም ያበርዳል። አያቶቻችን በበቅሎ ኮርቻ ላይ ያውቁት የነበረ ዘዴ ነው።

4ኛ/ ጉድጓድ ሲመጣ በእግር መርገጫው ላይ ቆም ማለት። ጉልበታችን ዋጋ ያልተከፈለበት ሞላ ነው።

5ኛ/ ዕቃን ዝቅ አድርጎና ወደ ነጂው አስጠግቶ ማሰር። ከኋላ ተንጠልጥሎ ከፍ ያለ ጭነት የፊት ጎማን ያቀላል፤ መሪውም ይዋልላል።

6ኛ/ በየሰዓቱ ወርዶ አሥር ደቂቃ እግርን ማፍታታት። የራስ ቁር ግን በምቾትም በወጪም ሰበብ የማይቀር ነው።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ?

እኛ የደረስንበት መደምደሚያ የሚከተለው ነው። ሞተር የሚመረጠው በምርጡ መንገድ ላይ በሚሰጠው ምቾት ሳይሆን ዘወትር በምንሄድበት መንገድ፣ በክፉው ወር ነው። ስለሆነም ገዢው ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። አንደኛ፣ ከሳምንቱ ጉዞዬ ስንቱ አስፋልት ነው፣ ስንቱ ጭቃ? ሁለተኛ፣ ብቻዬን ሆኜ ከወደቀበት ላነሣው እችላለሁ? ሦስተኛ፣ ሲሰበር መለዋወጫውም የሚጠግነውም ሰው በአቅራቢያዬ ይገኛል? ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጥያቄ «አይ» ብሎ የሚመልስ ሰው የገዛው ምቾት ሐምሌ ሲገባ ያልቃል።

በዚህ ሚዛን ለገጠር መምህር ብቻውን ወይም አልፎ አልፎ ሰው ጭኖ ለሚሄድ ከ125 እስከ 200 ሲሲ ያለው፣ ክብደቱ ከ130 ኪሎ ብዙም የማያልፍ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሞተር ይስማማዋል እንላለን። ሥራው በከተማና በአስፋልት ላይ ብቻ ለሆነ ሰው ግን ጥቂት ኪሎ መጨመሩ ይክሰዋል እንጂ አይጎዳውም።

በመጨረሻም መምህራን እንደመሆናችን ይህ ነገር ለማስተማሪያም ይሆነናል። ስለ ኃይል፣ ስለ ክብደትና ስለ ዝንባሌ የምናስተምርበት ቀን ሲመጣ ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የቆመችው ዶቅዶቄ፣ ባዶውንና ሙሉውን የሚመላለሰው አይሱዙም የተሻለ ያስረዳሉ። ተማሪዎቻችን በየቀኑ የሚያዩት ነውና። በዚህ ጽሑፍ ላይ የተለየ አስተያየት ወይም የተሻለ ስሌት ያላችሁ ሠልጣኞችና መምህራን ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብትሰጡ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን።